ሙሉ ቁጥር በክፍልፋይ ሲባዛ ታህቱ ለምን አይነካም? (ከ24 መልሶች ጋር)

ክሩን (የጥያቄና መልስ ውይይቱን) የከፈተችው የአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት ናት። ልጇ 6 × 2/3ን ሲሠራ 6ን ከላዕሉም (ከላይኛው ቁጥር) ከታህቱም (ከታችኛው) ጋር አባዝቶ 12/18 ብሎ ጻፈ። መልሱ 12/3፣ ማለትም 4 መሆኑን ታውቃለች፤ ላዕሉን ብቻ አባዛ ብላም አርማዋለች። ልጁ ግን ታህቱስ ለምን ይቀራል ብሎ ሲጠይቃት የምትመልስለት አጣች። ለቤቱ ሰላምታ አቅርባ፣ ነገሩ ዝም ብሎ በቃል የሚያዝ ደንብ ነው ወይስ ልጅ የሚገባው ምክንያት አለው ብላ ጠየቀች።

መልስ 1 ወዲያው መጣ፤ ትሁትና አጭር ነው። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ታህቱ 1 የሆነ ክፍልፋይ ነውና 6ን 6/1 አድርጎ መጻፍ፣ ከዚያም ላዕልን በላዕል፣ ታህትን በታህት ማባዛት ነው አለ። 6 × 2 = 12፣ 1 × 3 = 3። መልስ 2 በዚህ ተስማማና አንድ ነገር አነሳ፦ ይህ ልጁን ከስህተት ይጠብቀዋል እንጂ ጥያቄውን አይመልስለትም። ታህትን በታህት የምናባዛውስ ለምንድን ነው ብሎ ቢቀጥል ተመልሰን እዚያው ነን።

ለእኔ የክሩ ልብ መልስ 3 ነው። ጸሐፊው የአንደኛ ደረጃ ሂሳብ መምህር እንደሆነ ያስታውቃል። መጀመሪያ 12/18ን አቃልሉት አለ፤ ላዕሉንም ታህቱንም በ6 ስታካፍሉ ተመልሶ 2/3 ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ያባዛው በ6 ሳይሆን በ6/6 ነው፤ 6/6 ደግሞ 1 ነው። ስድስት እጥፍ መሆን የነበረበት ቁጥር ካለበት ፈቀቅ አላለም። ምክንያቱን ሲያስረዳም ታህቱ የቁራሹን መጠን፣ ላዕሉ የቁራሾቹን ብዛት ይነግረናል ብሎ ጀመረ። ሁለት ሲሶን ስድስት ጊዜ ስንወስድ የቁራሾቹ ብዛት ይጨምራል፤ የእያንዳንዱ ቁራሽ መጠን ግን ያው ሲሶ ነው። አሥራ ሁለት ሲሶ ይሆናል፤ ሦስት ሦስቱ አንድ ሙሉ እየሞላ አራት ይወጣል። ልጁን 2/3 + 2/3 + 2/3 + 2/3 + 2/3 + 2/3 ብሎ በረጅሙ እንዲጽፍ አድርጊው፣ ታህታቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ክፍልፋዮች ሲደመሩ ታህቱ እንደማይደመር ስለሚያውቅ ደንቡን ራሱ ያወጣዋል ሲል መከራት። እዚህ ላይ ቢያቆም እንኳ ለጥያቄዋ በቂ መልስ ነበር።

መልስ 4 ግን ደጋግሞ መደመር ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን አለ። 6 × 2/3 ስድስት ጊዜ ሁለት ሲሶ ነው፤ ይሄ ይደመራል። 2/3 × 6 ሲባልስ? አንድን ነገር ሁለት ሲሶ ጊዜ መደመር አይቻልም። እዚያ ላይ ትርጉሙ ድርሻ መውሰድ ነው፦ 6ን ለሦስት እኩል መክፈል፣ አንዱ ድርሻ 2 ነው፣ ሁለቱን ድርሻ መውሰድ፣ 4። ውጤቱ አንድ ነው፤ የተሄደበት መንገድ ግን ሁለት ነው፣ ልጅም ሁለቱንም ማየት አለበት። ይህን ያላየ ልጅ 20 × 3/4 = 15 ሲወጣለት ተባዝቶ እንዴት አነሰ ብሎ መልሱን ይሰርዘዋል ሲል አስጠነቀቀ። እውነቱን ነው፤ ከ1 በታች በሆነ ቁጥር ስናባዛ የምናገኘው ከሙሉው የተወሰደ ድርሻ ስለሆነ ማነሱ ግድ ነው።

መልስ 5 የመጣው ከሥራው በኩል ነው። ሁልጊዜ አባዝቶ ከዚያ ማካፈል ለምን አስፈለገ ብሎ 360 × 7/12ን አቀረበ። አባዝቶ የሚጀምር ሰው 2520ን በ12 ሲያካፍል ይደክማል፤ አካፍሎ የሚጀምር ግን 360 ÷ 12 = 30፣ 30 × 7 = 210 ብሎ በቃሉ ይጨርሰዋል። የማይካፈል ሲመጣስ? 50 × 5/8 ላይ 50ን በ8 ለማካፈል የሚታገል ተማሪ አስርዮሽ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ የ50 እና የ8ን የጋራ አካፋይ መፈለግ ነው፤ 2 ነው። 50 ወደ 25፣ 8 ወደ 4 ይወርዳል፤ 25 × 5 = 125፣ 125/4 = 31 ከ1/4።

መልስ 6 ወደ ጽሑፍ ጥያቄዎች ወሰደን። ከ20 ኪሎ ጤፍ ላይ 3/4 ኪሎ ተወሰደ ሲባልና ከ20 ኪሎው ጤፍ 3/4ኛው ተወሰደ ሲባል ልጆች አንድ አድርገው ያነቧቸዋል። የመጀመሪያው መቀነስ ነው፣ የቀረው 19 ከ1/4 ኪሎ። ሁለተኛው ማባዛት ነው፣ የተወሰደው 15 ኪሎ፣ የቀረው 5። መለያው ከክፍልፋዩ ቀጥሎ መስፈሪያ መኖሩ ነው። ኪሎ፣ ሜትር ወይም ሊትር ከተከተለው ራሱን የቻለ መጠን ነው፤ ካልተከተለው የሆነ ነገር ድርሻ ነውና የምን ድርሻ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልስ 7 በዚህ ተነሥቶ ጥያቄ የሚያወጡ ሰዎች ራሳቸው ይህን አያጣሩም ብሎ በቁጣ ሁለት መስመር ጽፎ ሄደ፤ ምሳሌ አላመጣም።

ከመልስ 8 ጀምሮ ወሬው ድብልቅ ቁጥር ሆነ፤ የክሩ ግለትም እዚሁ ነው። መልስ 8 በጣም የተለመደውን ስህተት አሳየ፦ 4 × 2 ከ3/5 ሲሰጣቸው ብዙዎች 4 × 2 = 8 ብለው ክፍልፋዩን እንዳለ ያወርዱታል፤ 8 ከ3/5። ነገር ግን 2 ከ3/5 ማለት 2 + 3/5 ስለሆነ 4 ሁለቱንም ማባዛት አለበት። 4 × 2 = 8፣ 4 × 3/5 = 12/5 = 2 ከ2/5፣ ድምሩ 10 ከ2/5። መልስ 9 ድብልቁን መጀመሪያ ወደ ተራ ክፍልፋይ መቀየር ይሻላል ብሎ ሲጽፍ በ2 እና በ3/5 መካከል ክፍተት ስላልተወ 4 × 23/5 = 10 2/5 ሆኖ ወጣ። መልስ 10 ጊዜም አልሰጠው። 4 × 23 = 92፣ 92/5 = 18 ከ2/5 መሆኑን ያልለየ ሰው ለሰው ልጅ መምህር አይሁን አለ። መልስ 11 ያው የመልስ 9 ጸሐፊ ነው፤ ተቆጥቶ ማንበብ ሳይችሉ ለማረም መጣደፍ ነውር ነው ብሎ መለሰ። ሁለቱም ስሌታቸው ልክ ነበር፤ የተጣሉት በአንዲት ባዶ ቦታ ነው።

የገላገላቸው መልስ 12 ነው፤ በስልክ የሚጽፍ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ድብልቅ ቁጥር በአንድ መስመር ሲጻፍ 2 ከ3/5 ይባል፣ ወይም በቅንፍ (2 + 3/5) ይደረግ አለ። የስልክ ሒሳብ ማሽን ላይም ቅንፉ ግድ ነው፦ (2 + 3 ÷ 5) × 4 ብሎ ያስገባ 10.4 ያገኛል፤ ቅንፉን የረሳ ግን ማሽኑ 3 ÷ 5 × 4ን አስቀድሞ 2 ስለሚደምርበት 4.4 ይሰጠዋል። በዚያው ላይ ሲሶን በአስርዮሽ ቆርጦ ማባዛትን ነቀፈ። 900 × 2/3 ልክ 600 ነው፤ በ0.67 ያባዛ 603፣ በ0.66 ያባዛ 594 ያገኛል። ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው ይዞ መሄድና ማካፈሉን ለመጨረሻ ማቆየት ነው የሚበጀው።

መልስ 13 ረጅም ነው፤ ክሩ ውስጥ ከማንም በላይ የተመሰገነውም እሱ ነው። ጥያቄው 3 ከ1/2 × 2 ከ1/3 ነው። ስህተቱ 3 × 2 = 6፣ 1/2 × 1/3 = 1/6 ብሎ 6 ከ1/6 ማለት ነው። ትክክለኛው 7/2 × 7/3 = 49/6 = 8 ከ1/6። ሁለት ሙሉ የት ጠፋ? ካሬ የተሰመረበት የሂሳብ ደብተር ክፈቱ አለ ጸሐፊው። 6 ካሬ እንደ አንድ ሙሉ ይቆጠር፤ 6 የተመረጠው ለ2ም ለ3ም ስለሚካፈል ነው። ስለዚህ 3 ከ1/2 ሲሰመር 21 ካሬ፣ 2 ከ1/3 ደግሞ 14 ካሬ ይረዝማል። አራት ማዕዘኑን ስሩና በወርዱ 18ኛው ካሬ ላይ፣ በቁመቱ 12ኛው ላይ መስመር አሳልፉ። አራት ክፍል ይወጣል። ትልቁ 18 በ12 ነው፤ አንድ ሙሉ 6 በ6፣ ማለትም 36 ካሬ ስለሆነ እዚያ ውስጥ 6 ሙሉ አለ። ከጎኑ ያለው ቀጭን 3 በ12 ነው፣ 36 ካሬ፣ 1 ሙሉ፤ ይህ 1/2 × 2 ነው። ከታች ያለው 18 በ2 ነው፣ እሱም 36፣ 1 ሙሉ፤ ይህ 3 × 1/3 ነው። ጥግ ላይ የቀረችው ትንሿ 3 በ2 ስትሆን 6 ካሬ፣ የ36 አንድ ስድስተኛ ናት። 6 + 1 + 1 + 1/6 = 8 ከ1/6። ልጁ የዘለላቸው ሁለቱ ቀጫጭን ክፍሎች ናቸው። መጠራጠር የፈለገ ሁሉንም ይቁጠር፤ 21 × 14 = 294፣ ለ36 ሲካፈል 8 ደርሶ 6 ይተርፋል። መልስ 2 የጠየቀው ታህትን በታህት ለምን የሚለውም እዚሁ ተመለሰ፦ አንዱን ጎን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት ስንከፍል አንዱ ሙሉ ለስድስት ይከፈላል።

መልስ 14 ይሄ ሁሉ ሜዳ ላይ ምን ያደርጋል ለሚል ፌሮ ይዞ መጣ። አንድ ፌሮ 12 ሜትር ነው። 1 ከ3/4 ሜትር ቁራጭ ሰባት ይወጣዋል? 7 × 1 = 7፣ 7 × 3/4 = 21/4 = 5 ከ1/4፣ ድምሩ 12 ከ1/4። በ25 ሳንቲሜትር አይደርስም፤ ስድስት ብቻ ይወጣል፣ 10 ከ1/2 ሜትር፣ የሚተርፈው 1 ከ1/2 ሜትር። እንደ መልስ 8ቱ ስህተት 7 ከ3/4 ብሎ የገመተ ሰው ሁሉንም ቆርጬ 4 ከ1/4 ሜትር ይተርፈኛል ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ያነሳው ነጥብ ስሌታቸው ልክ የሆኑትንም የሚያሳስት ነው። 40 ቁራጭ ቢያስፈልግ 40 × 1 ከ3/4 = 70 ሜትር፤ 70ን ለ12 ስናካፍል ከ6 ትንሽ ያንሳል፣ ስለዚህ 6 ፌሮ ይበቃል ያሰኛል። አይበቃም። ከእያንዳንዱ የሚወጣው 6 ቁራጭ ስለሆነ 6 ፌሮ የሚሰጠው 36 ነው፤ 7 ፌሮ መግዛት ግድ ነው። ከስድስቱ የሚተርፉት 1 ከ1/2 ሜትሮች አንድ ላይ 9 ሜትር ቢሆኑም ከእነሱ አንድም 1 ከ3/4 አይቆረጥም። በቃል ለማስላትም 1 ከ3/4ን እንደ 2 ሲቀነስ ሩብ አድርጎ ማሰብን መከረ። ኪሎው 640 ብር የሆነ ነገር 1 ከ3/4 ኪሎ ሲገዛ፣ 1280 ሲቀነስ 160፣ 1120 ብር።

ጠያቂዋ በመልስ 15 ተመልሳ አመሰገነች፤ ስድስቱን መደመር ያጻፈችው ልጇ ነገሩ ገብቶታል። አዲስ ጥያቄም ይዛ መጣች፦ 4 × 6/7 ላይ ልጁ 4ን እና 6ን በ2 አቃልሎ 2 × 3/7 = 6/7 አለ፤ ማቃለል ከተፈቀደ ይሄስ ለምን አይፈቀድም? መልስ 16 በአክብሮት አብራራላት። 4 በ4/1 ሲጻፍ ቦታው ከላይ ነው፣ 6ም ከላይ ነው። ማቃለል የሚሠራው አንዱን ከላይ አንዱን ከታች በአንድ ቁጥር ስናካፍል ነው፤ ያኔ ዋጋው አይለወጥም። ሁለቱንም ከላይ በ2 ካካፈልን ግን ዋጋውን ራሱን ሁለት ጊዜ ለ2፣ በጠቅላላው ለ4 ከፈልነው ማለት ነው። ትክክለኛው 24/7 ነው፤ የልጁ 6/7 የዚያ ሩብ ነው። በሰያፍ ማቃለልን ግን ፈቀደላት፦ 8/15 × 25/12 ላይ 8 እና 12 በ4፣ 25 እና 15 በ5 ወርደው 2/3 × 5/3 = 10/9 ይሆናል። ይህ ግን በመካከላቸው የማባዛት ምልክት ሲኖር ብቻ ነው፤ መደመር ካለ አይነካም ብሎ አሰመረበት።

መልስ 17 ከሌላ ደንብ የሚመጡ ሁለት ስህተቶችን አከለ። አንደኛው 2/3 × 3/4ን ሲያዩ እንደ መደመር ታህቱን ማመሳሰል ነው፤ 8/12 × 9/12። እስከ 72/144 ከሄዱ ልክ ነው፣ ሲቃለል 1/2 ይወጣል፤ ድካሙ ብቻ ነው ትርፉ። ብዙዎች ግን እንደ መደመሩ 12ን እንዳለ ይተዉትና 72/12 = 6 ይላሉ። ሁለተኛው ማመሳቀል ነው፦ 2/3 × 4/5ን በሰያፍ አባዝተው 10/12 ይጽፋሉ። እሱ የ2/3 ÷ 4/5 መልስ ነው፤ የማባዛቱ 8/15 ነው።

መልስ 18 ሰከን ብሎ የነበረውን ቤት እንደገና አናጋው። ካሬና ሥዕል ጊዜ ማባከን ነው፣ ችግሩ የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል አለመያዙ ብቻ ነው፣ 7 × 8ን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ስለ ክፍልፋይ ምን አገባው አለ። በከፊል እውነት አለው፤ 48 እና 36 ሁለቱም በ12 እንደሚካፈሉ ወዲያው የማይታየው ልጅ ማቃለል አይችልም። ግን 72/12 = 6 ያለው ልጅ 8 × 9ን በደንብ ያውቃል። የጎደለው ሥራውን ሳይጀምር መልሱ ስንት አካባቢ ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው፤ ከ1 በታች የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 6 ሊሆኑ አይችሉም።

መልስ 19 ለ18 ድጋፍ ሰጥቶ ሙሉ ቁጥሮች ላይ ቆመ። 304 × 27 ሲሠራ 304 × 7 = 2128፣ 304 × 20 = 6080፣ ድምር 8208። ልጆች ሁለተኛውን መስመር አንድ ቤት ወደ ግራ ሳያስገቡ 608 ብለው ይጽፉና 2736 ያገኛሉ። አሃዞችን ደምሮ በ9 እየጣሉ (ድምሩ በ9 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ እያወዳደሩ) ማጣራት ይህን ይይዘዋል አለ። መልስ 20 ጠንከር ባለ ቃል አስቆመው፦ በፍጹም አይይዘውም። የ8208 አሃዞች ድምር 18፣ የ2736ም 18 ነው። በ9 መጣል አሃዞቹን እንጂ ቤታቸውን አያይም፤ 608 እና 6080 ለእሱ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ቤት የማሳሳት ስህተት ሁልጊዜ ያልፈዋል። የሚይዘው ግምት ነው፤ 300 × 27 = 8100፣ 2736 ደግሞ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከርዕሱ ወጣ፤ እኔ ግን አልከፋኝም። መልስ 21 ያንኑ 27 × 304 በግማሽና በእጥፍ ሠራው። በግራ 27፣ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ ግማሽ ሲተርፍ ይጣላል። በቀኝ 304፣ 608፣ 1216፣ 2432፣ 4864። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት መስመር ይሰረዛል፣ እዚህ የ6 መስመር ብቻ ነው፤ የቀሩት ይደመራሉ፣ 304 + 608 + 2432 + 4864 = 8208። በውጭ አገር ሂሳብ አስተማሪዎች ዘንድ የኢትዮጵያ ማባዛት ተብሎ እንደሚታወቅ ጠቅሶ ከጥንት ግብፅ ጋር አንድ ነው አለ። መልስ 22 አረመው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህመስ የተባለው ጸሐፊ የገለበጠው፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ሪንድ ፓፒረስ የተባለው የጥንት ግብፅ የሂሳብ ጽሑፍ ላይ አንዱ ቁጥር ብቻ ይታጠፋል፤ ሌላው አይገመስም። ከ1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 መካከል ድምራቸው 27 የሚሆኑት 1፣ 2፣ 8 እና 16 ይመረጣሉ፤ የሚደመሩት ከእነሱ አንጻር ያሉት እጥፎች ናቸው። ሁለቱ ስልቶች ዝምድና አላቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ግብፆች 3/4ን 1/2 + 1/4 አድርገው ይጽፉ እንደነበርም ጨመረ፤ 20 × 3/4 ለእነሱ 10 እና 5 ነው።

የሚጣለው ግማሽ የት ይገባል ብሎ ለሚጨነቅ መልስ 23 አለ፤ ወደ ርዕሱም የመለሰን እሱ ነው። 27 × 304 ከ13 ከ1/2 × 608 ጋር እኩል ነው፤ አንዱ ሲገመስ ሌላው ታጥፏልና። 13 ከ1/2 × 608 ደግሞ 13 × 608 እና 1/2 × 608 ነው፣ እሱም 304። በግራ የጣልነው ግማሽ በቀኝ 304 ሆኖ ተቀምጧል፤ መስመሩን የማንሰርዘው ለዚህ ነው። 6 ሲገመስ ግን የሚጣል ስለሌለ መስመሩ ይሰረዛል። ተጥሎ ያልተመለሰ ክፍልፋይ ሁሉ ስህተት ነው ብሎ በጥብቅ ቃል ዘጋ።

መልስ 24 በትህትና አንድ አስተያየት ልስጥ ብሎ ባሕረ ሐሳብን፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ አመጣ። የመስከረም 1ን ዕለት ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ የተገኘው ዓመተ ዓለም ለ4 ተካፍሎ ትርፉ ይጣላል፣ ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱ ተደምረው ለ7 ይካፈላሉ፤ 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ይህ ዓመተ ዓለሙን በ1 ከ1/4 ማባዛት ነው። 365 ቀን 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ 1 ተባለ፤ ሩቡ ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ስድስተኛዋ ጳጉሜን ናት። 2016 ላይ 7516 + 1879 = 9395፣ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ማክሰኞ። 2017 ላይ ሩብ ተጥሎ ረቡዕ፣ 2018 ላይ ግማሽ ተጥሎ ሐሙስ፣ 2019 ላይ ሦስት ሩብ ተጥሎ 7519 + 1879 = 9398፣ 4 ይተርፋል፣ ዓርብ። 2020 ላይ 7520 በ4 ያለ ትርፍ ይካፈላል፤ 7520 + 1880 = 9400፣ የሚተርፈው 6 ነው፣ እሑድ። ቅዳሜ የተዘለለው ሲጣል የቆየው ሩብ ሞልቶ ሙሉ ቀን ስለሆነ ነው፤ ያቺ ቀን የ2019 ጳጉሜን 6 ናት።